ሞተር ሳይፈታ ኮምፕሬሽን ሬሾን መገመት

ኮምፕሬሽን ሬሾ ሞተሩ የሳበውን አየር ስንት እጥፍ እንደሚያምቅ የሚናገር ቁጥር ነው። ፒስተኑ (በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ክፍል) ታች ሲደርስ ከበላዩ ያለው ጠቅላላ ቦታ፣ ላይ ሲደርስ ለሚቀረው ቦታ ይካፈላል። 450 ሲሲ ወደ 50 ሲሲ ከታመቀ ሬሾው 9 ለ 1 ነው። አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች ከ8 እስከ 12 ይደርሳሉ። ናፍጣ በእመቃ ሙቀት ብቻ ስለሚቀጣጠል ከ14 እስከ 22 ይሄዳል።

ቁጥሩን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ማንዋል ነው። የሞተሩ ኮድ ብሎኩ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ በኮዱ ማንዋሉን መፈለግ ነው። ችግሩ፣ ማንዋሉ የሚነግረን ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ተልጎ ከሆነ ቦታው ጠቧል፤ ሬሾው ከፍ ብሏል። ከቴስታታው ሥር ወፍራም ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ገብቶ ወይም ፒስተኑ በሌላ ዓይነት ተቀይሮ ከሆነም ቁጥሩ ያው አይደለም። ሬሾው ሳይታወቅ ከፍ ያለ ሞተር ዝቅተኛ ኦክቴን (ያለጊዜው መቀጣጠልን የመቋቋም አቅም) ያለው ቤንዚን ሲሰጠው ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱ ከቀጠለም ፒስተን ይጎዳል። ስለዚህ መለካቱ ትርፍ ሥራ አይደለም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የኮምፕሬሽን ጌጅ ነው። ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ይፈታል፣ ጌጁ በቦታው ይገባል፣ ሞተሩ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ይዞራል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦ ጌጁ የሚለካው ግፊት ነው እንጂ ሬሾ አይደለም። ሬሾው 9 ስለሆነ ግፊቱ 9 ባር ይሆናል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስህተት ነው። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ደግሞ ግፊቱ ከሬሾው በላይ ይጨምራል። ሙቀቱ አይባክንም ብለን በስሌት ብቻ ከሄድን 9 ለ 1 የሆነ ሞተር በባሕር ጠለል ላይ ከ20 ባር በላይ ማሳየት ነበረበት። በተግባር ግን ጤነኛ ሞተር ከ11 እስከ 13 ባር ያህል ነው የሚያሳየው። አንዱ ዋና ምክንያት የመሳቢያው ቫልቭ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ በኋላም ቫልቩ ለጥቂት ጊዜ ክፍት ይቆያል፤ ከተሳበው አየር ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተውና የሚዘጋው ዘንግ) ቫልቩን ይበልጥ አዘግይቶ የሚዘጋ ከሆነ፣ ሬሾው ከፍ ያለ ሞተርም በጌጅ ደካማ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ከፍታም ንባቡን ይለውጠዋል። በ2,400 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፤ ጌጁም በዚያው ልክ ይወርዳል። ባትሪው ደክሞ ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ካዞረ፣ ወይም የአየር ማስገቢያው በር ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ፣ ንባቡ አይታመንም። ያረጀ ፋሻም (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ቀለበት) ያፈሳል። ጥቂት ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ እንደገና ሲለካ ግፊቱ ከፍ ካለ፣ ጥርጣሬው ወደ ፋሻው ይሄዳል። ጌጅ የሞተርን ጤና ለመመርመርና ሲሊንደሮችን እርስ በርስ ለማወዳደር ግሩም መሣሪያ ነው። ለሬሾ ግን ፍንጭ ብቻ ነው የሚሰጠው።

ሬሾ የመጠን ጉዳይ ስለሆነ መጠኑን መለካት ይሻላል። ፒስተኑ በእመቃው ምት ጫፍ ላይ፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ይቆማል። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን ዘይት በሲሪንጅ እየተለካ ይፈስሳል፤ ከካንዴላው ጥርስ ታችኛው ጫፍ ሲደርስ ይቆማል። የገባው ዘይት መጠን የቀረው ቦታ ነው። ጫፉን ለማግኘት በአንድ ሁለት ዲግሪ መሳሳት ብዙ አይጎዳም፤ ፒስተኑ እዚያ አካባቢ እምብዛም አይንቀሳቀስም። የሚያሳስተው ውስጥ የሚቀር አየር ነው። ቀዳዳው ከሁሉም በላይ እንዲሆን ሞተሩ መዘንበል አለበት፤ መኪና ላይ እንደተገጠመ ይህን ማድረግ አንዳንዴ ጭራሽ አይቻልም። በፋሻው በኩል የሚሾልክ ዘይትም አለ። ስለዚህ ልኬቱን ቶሎ ጨርሶ፣ ተመሳሳይ ቁጥር እስኪመጣ መደጋገም ያስፈልጋል።

የሲሊንደሩ መጠን ከታወቀ ቀሪው ቀላል ሒሳብ ነው። ባለ 4 ሲሊንደር 1,600 ሲሲ ሞተር ለአንዱ 400 ሲሲ ይደርሰዋል። 50 ሲሲ ዘይት ከገባ፣ 400 እና 50 ተደምሮ ለ50 ሲካፈል ሬሾው 9 ነው። 48 ከሆነ 9.3፣ 52 ከሆነ ደግሞ 8.7 ገደማ ይሆናል።

ከልኬቱ በኋላ ዘይቱን ሳያወጡ ሞተሪኖ መምታት በፍጹም አይገባም። ፈሳሽ አይታመቅም፤ ካንዴላው ተመልሶ ከገባ ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጣምማል። መጀመሪያ በቀጭን ቱቦ ይሳብ፤ ከዚያ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የእሳቱ መስመር ተቋርጦ፣ ሞተሩ በእጅ ይዙር።

ያለ ፈሳሽ የሚሠራ ዘዴም አለ። የጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ እንደሚጮኸው፣ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል አየር ሲነፋ ሲሊንደሩ ድምፅ ያወጣል። ውስጡ ሰፊ ከሆነ ድምፁ ይወፍራል፣ ጠባብ ከሆነ ይቀጥናል። መሣሪያው ከድምፁ ድግግሞሽ ተነስቶ መጠኑን ያሰላል። ይህ በተለይ በመኪና ውድድር፣ ሬሾው ከተፈቀደው አለማለፉን ሞተሩን ሳይፈቱ ለማጣራት ይጠቅማል።

ለናፍጣ የፈሳሹ ዘዴ ብዙም አይመከርም። 400 ሲሲ ሲሊንደር በ20 ለ 1 የሚቀረው ቦታ 21 ሲሲ ብቻ ነው። የ1 ሲሲ ስህተት ብቻውን ሬሾውን በ1 ያህል ያዛባዋል።