«እረፍት ለሰነፍ ነው» ላላችሁኝ ሁሉ

ሠራተኞችን ማሠልጠን ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። በየዙሩ ዓይኑ ቀልቶ የሚመጣ አንድ ሰው አይጠፋም። «ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ ነው ያደርኩት» ይለኛል፣ ጎበዝ እንድለው። አልለውም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው፦ «ሥልጠናው አለቀ ማለት ትምህርቱ አለቀ፤ ቶሎ ወደሚቀጥለው።» የለም! የተማራችሁት ነገር ለመርጋት ጊዜ ይፈልጋል። ሙለርና ፒልዜከር የተባሉ ጀርመናውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1900 ጽፈውታል። አንድ ዝርዝር በቃሉ ያጠና ሰው ወዲያው ሌላ ሲደረብበት ከመጀመሪያው ብዙ ይጠፋበታል። ፋታ ካገኘ ግን የተሻለ ያስታውሳል። በ1924 ደግሞ ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የሌላቸው ቃላት አስጠኑ። ተኝተው ሲነሱ የያዙት፣ ያንኑ ያህል ሰዓት ነቅተው ሲቆዩ ከያዙት በጣም ይበልጥ ነበር። ወሬው መቶ ዓመት አልፎታል። እኛ ዛሬም ኮርስ በኮርስ ላይ እንከምራለን።

አንድ ልጅ ነበር። በሁለት ወር ሦስት ሰርተፍኬት ይዞ መጣ። ኤክሴል ከፍቼ «እነዚህን ሁለት ሰንጠረዦች አገናኝልኝ» አልኩት። ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ተንሳፍፈው ቀሩ። «ይሄን እኮ ተምሬዋለሁ!» አለኝ። ተምሮታል፤ አልካድኩም። ለሁለት ሳምንት አዲስ ነገር ከለከልኩት። ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ ብቻ፣ ማስታወሻ ሳያይ፣ የትናንቱን ከባዶ ይሠራል። ሲያቅተው ብቻ ገልጦ ያያል። መጀመሪያ አኮረፈ። በሦስተኛው ሳምንት የገዛ መሥሪያ ቤቱን ፋይል አገናኝቶ አሳየኝ፣ ሳልጠይቀው።

እናንተም ሞክሩት። ከሥልጠና በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ክፍት አድርጉ። በዚያ ሳምንት የተማራችሁትን አንድ እውነተኛ ሥራ ላይ አውሉት። አለቃችሁ «ቀጣዩ መቼ ነው?» ካለ ይሄኛው ገና እየረጋ ነው በሉት።

«ጎበዞች አያርፉም» የሚባለውስ? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት የበርሊን ቫዮሊኒስቶች ጥናት፣ የላቁት ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ካሉት ይልቅ ብዙ የሚተኙና ቀን ላይም ሸለብ የሚያደርጉ ነበሩ።

«ትንሽ እንቅልፍ ለምጄዋለሁ» የሚሉም አሉ። አልለመዱትም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት ለ14 ቀን በየሌሊቱ በ6 ሰዓት እንቅልፍ የቆዩ ሰዎች፣ ትኩረታቸው እስከ ሁለት ሌሊት ጭራሽ ያልተኛ ሰው ያህል ወርዶ ነበር። የሚገርመው፣ ራሳቸው ብዙም አልታወቃቸውም።

አልጋ ላይ ሆኖ የሥራ ኢሜይል መመለስም እረፍት አይደለም።

ባለፈው ሳምንት አንዷ ሠልጣኝ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «መምህር፣ ምዕራፍ አራት ላይ ነኝ፤ ጥያቄ አለኝ» ብላ ጽፋልኛለች። ያየሁት ጠዋት ነው። ተኝቼ ነበራ።