የሲሲሊው ንጉሥ ዳግማዊ ሮጀር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሲሲሊ ደሴት ስለነገሠው ስለ ዳግማዊ ሮጀር የሚነገረው ታሪክ እውነትና ስሕተት የተቀላቀለበት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሲሲሊን ከሙስሊም ገዥዎች በጦር የነጠቀው እርሱ ነው» የሚለው ልጁን ከአባቱ ጋር ያምታታል። በ1061 ዘመቻውን የጀመሩት አባቱ ቀዳማዊ ሮጀርና አጎቱ ሮበርት ጊስካርድ ሲሆኑ፣ በ1091 የደሴቲቱን ድል አባትየው ፈጸመው። ዳግማዊ ሮጀር የተወለደው ከዚያ 4 ዓመት ዘግይቶ ነው። አባቱም ታላቅ ወንድሙም በልጅነቱ ስለሞቱበት፣ እስከ 1112 ድረስ አገሩን በሞግዚትነት ያስተዳደረችው እናቱ አዴላይድ ነበረች።

«ግዛቱ ደሴቲቱ ብቻ ነበረች» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ደቡብ ኢጣሊያ የእርሱ ነበረ፣ ከሰሜን አፍሪካ ወደቦችም በ1146 ትሪፖሊን፣ በ1148 ደግሞ መሕዲያን ይዟል።

«ዘውዱን የሮም ጳጳስ ባርኮ ሰጠው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። በ1130 ሁለት ጳጳሳት በአንድ መንበር ይከራከሩ ነበር፤ ሮጀር በዚያው ዓመት በገና ዕለት በዋና ከተማው በፓሌርሞ ዘውድ የጫነው ከሁለቱ አንዱ በሆነው በአናክሌጦስ ፈቃድ ሲሆን፣ እርሱን ቤተ ክርስቲያን በኋላ ሕጋዊ ጳጳስ አድርጋ አልቆጠረችውም። ተቀናቃኙ ኢኖሰንት በ1139 ጦር አስከትቶ ሲመጣበት ሮጀር ማረከው፤ በቀናት ውስጥም ጳጳሱ ንግሥናውን አጸደቀ።

በሰፊው የተሠራጨው ስሕተት ግን የካባው ነው። በቪየና የሚገኘው ቀይ የሐር ካባ በ1130 የነገሠበት ልብስ እንደሆነ ይነገራል። ካባውን ቀረብ ብሎ ላየው መልሱ እዚያው ተጽፏል። በመካከሉ የዘንባባ ዛፍ ቆሞ፣ በግራና በቀኙ አንዳንድ አንበሳ ግመል ሲሰባብር በወርቅ ክርና በሉል ተጠልፏል፤ ጠርዙን ዞሮ የሚሄደው የዓረብኛ የኩፊ ጽሕፈት ደግሞ ልብሱ በንጉሡ ግምጃ ቤት በ528 ዓመተ ሒጅራ መሠራቱን ይናገራል። ይህም 1133 እስከ 1134 ማለት ነው፤ ንግሡ ካለፈ 3 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የክርስቲያን ንጉሥ ልብስ የእስልምናን ዘመን አቆጣጠር መያዙ፣ ቤተ መንግሥቱ ምን ዓይነት እንደነበር ከብዙ ትረካ ይልቅ ያስረዳል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ተነሥተው «በዘመኑ ሃይማኖቶች በፍጹም ሰላም ኖሩ» የሚሉ አሉ። ሮጀር ዕውቀትንና ባለሙያን ከየትም ቢመጣ እንደተቀበለ አይካድም። የመልክዓ ምድር ሊቁ አል-ኢድሪሲ በ1154 ያጠናቀቀውን የዓለም መግለጫ የሠራው በእርሱ ወጪ ነበር። የባሕር ኃይሉን የመራው የአንጾኪያው ጊዮርጊስ፣ የግሪክ ሥርዓት ክርስቲያን ሆኖ ሳለ፣ ማዕረጉ «የአሚሮች አሚር» ነበር፤ በአማርኛችን አድሚራል የምንለው ቃል ሥሩ ይኸው የዓረብኛ አሚር ነው። ነገር ግን ጊዮርጊስን የተካው የመሕዲያው ፊልጶስ፣ ከእስልምና ወደ ክርስትና የገባ የቤተ መንግሥት ሰው፣ በ1153 ቦና የተባለችውን የአፍሪካ ወደብ ይዞ ሲመለስ በስውር ሙስሊም ነህ ተብሎ ተከሰሰ፤ የዓረቡ ታሪክ ጸሐፊ ኢብን አል-አሲር እንደሚለው ደግሞ በከተማይቱ ለነበሩ ሊቃውንትና ደጋግ ሰዎች ራርቶ ከነቤተሰባቸው እንዲወጡ ፈቅዶ ነበር። ፊልጶስ በፓሌርሞ በእሳት ተቃጠለ። ንጉሡም በ1154 መጀመሪያ ላይ፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ አረፈ።