100 ኬቪኤ ጀነሬተር ስንት ኪሎዋት ነው?

ኢቨንት ላይ የሚሰሩ ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ግራ ሲጋቡ ስለማይ ነው የምጽፈው። ጀነሬተሩ ላይ 100 ኬቪኤ ስለተጻፈ 100 ኪሎዋት ጫኑበት ማለት አይደለም፣ ኬቪኤ ቮልቱና አምፒሩ ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል የሚመጣው ነው፣ ኪሎዋት ደግሞ በትክክል ስራ የሚሰራው ኃይል ነው፣ በመሃል ፓወር ፋክተር የሚባል ኬቪኤው ላይ ተባዝቶ ኪሎዋቱን የሚሰጥ ቁጥር አለ፣ አብዛኛው ጀነሬተር ላይ 0.8 ተብሎ ታገኙታላችሁ፣ ስለዚህ 80 ኪሎዋት ነው ያላችሁ።

ዋናው ጣጣ ግን ፌዙ ነው፣ ማለትም ጀነሬተሩ ኃይሉን የሚያወጣባቸው ሶስት መስመሮች። ያ 80 ለሶስት ፌዝ ይካፈላል፣ ለአንዱ 27 ኪሎዋት ገደማ ይደርሰዋል፣ በአምፒር ከሄድን ደግሞ ከኬቪኤው ስለሚሰላ 150 አካባቢ። አንድ ሰርግ ላይ ሳውንዱንም መብራቱንም ስክሪኑንም አንዱ ፌዝ ላይ ሰክተውት ደረስኩ፣ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ብሬከሩ ጧ ብሎ ወደቀ፣ ገመዱን ስነካው ይፋጃል፣ ሁለቱ ፌዝ ባዶ ነበር! በጣም ነው የደነገጥኩት።

ሳውንዱን ለብቻው አንድ ፌዝ ስጡት፣ ሌላውን ለሁለቱ አካፍሉና ገመዱን አቅፎ አምፒር በሚለካው ክላምፕ ሜትር ሶስቱንም ለኩ። ኒውትራሉ፣ ማለትም የሶስቱ ፌዝ የጋራ መመለሻ ገመድ፣ በደንብ ሳይጠብቅ ደግሞ በፍጹም እንዳታስነሱ፣ እሱ ከተነቀለ 220 ቮልት የነበረው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፣ ሚክሰሩና አምፕሊፋየሩ የሚቃጠለው ያኔ ነው።