ትንንሽ የሶፍትዌር ኩባንያዎች በማይክሮሶፍት ላይ የመሠረቷቸው የፀረ ሞኖፖሊ ክሶች

ከ1996 ጀምሮ ለአስር ዓመት ያህል በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች አንድ ዓይነት ክስ ሲመላለስ ነበር። ከሳሹ ይለዋወጣል፤ ተከሳሹ ግን ያው ማይክሮሶፍት ነው። ካልዴራ፣ ብሪስቶል ቴክኖሎጂ፣ ቢ (Be)፣ በርስት (Burst) እና ኖቬል ከከሳሾቹ ይገኙበታል። አብዛኞቹ ችሎት የቆሙት ምርታቸው ከገበያ ከተገፋ በኋላ ነበር፤ ለአንዳንዶቹም ከክሱ መዝገብ የተሻለ ንብረት አልቀራቸውም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአገራችን አዋጅ ቁጥር በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የክሶቹ መሠረት የ1890ው የሸርማን ሕግ ነው። ሕጉ ገበያውን መቆጣጠርን በራሱ አይከለክልም፤ የሚከለክለው ያንን የበላይነት ባልተገባ መንገድ መያዝን ወይም ማስጠበቅን ነው። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 813/2006 «የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀም» ከተባለው ጋር ይዛመዳል። ትንሹን ኩባንያ ጠበቃ እንዲያቆም የሚያደፋፍረው ግን በ1914 የወጣው የክሌይተን ሕግ ነው፤ የተጎዳው ነጋዴ ራሱ ከስሶ ከረታ የጉዳቱን ሦስት እጥፍ ከነጠበቃ ወጪው ያገኛል። ይርጋው አራት ዓመት ቢሆንም፣ መንግሥት በዚያው ጉዳይ ክስ መሥርቶ እየተከራከረ ከሆነ መቁጠሩን ያቆማል። የአሜሪካ መንግሥት በ1998 ማይክሮሶፍትን ስለከሰሰ፣ ያረጁ የሚመስሉ አንዳንድ በደሎች በዚህች በር ሾልከው ችሎት ደረሱ።

ከክሶቹ ሁሉ ብዙ ምስጢር ያወጣው የካልዴራ ነው። ነገሩ የተጀመረው ዲጂታል ሪሰርች በተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ መሥራቹ ጋሪ ኪልዶል ከማይክሮሶፍቱ ኤምኤስ ዶስ በፊት የነበረውን ሲፒኤም የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስና ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚያስኬድ መሠረታዊ ሶፍትዌር) የጻፈ ሰው ነው። ኩባንያው በ1990 ያወጣው ዲአር ዶስ 5.0 ከማይክሮሶፍቱ ዶስ ጋር አንድ ዓይነት ፕሮግራሞችን ያስኬዳል፤ በሜሞሪ አጠቃቀሙም በብዙ ገምጋሚዎች ተመስግኗል። ሽያጩ ላይ ግን አንድ እንቅፋት ነበር። ማይክሮሶፍት ከኮምፒውተር አምራቾች ጋር በሚገባው ውል፣ አምራቹ ኤምኤስ ዶስን ጫነበትም አልጫነበትም በሸጠው በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ልክ ይከፍላል። አንድ ባለወፍጮ «እህልሽን ሌላ ቤት ብታስፈጪም ኩንታል ቆጥረሽ ለእኔ ትከፍያለሽ» እንዳለ ማለት ነው። እንዲህ ከተባለ ወዲያ ሌላ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ማነው? ይህ የውል ዓይነት የቀረው ማይክሮሶፍት በ1994 ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገው ስምምነት ነው፤ ያኔ ዲአር ዶስ ከገበያው ርቆ ነበር።

ሁለተኛው ነገር በስክሪን ላይ የታየ ነው። በ1991 ማብቂያ ለሞካሪዎች የተበተነው የዊንዶውስ 3.1 የሙከራ ቅጂ፣ ዲአር ዶስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲነሳ አንድ መልእክት ያወጣል። ለክፉ የማይሰጥ ስህተት ተገኝቷል ይልና ቁጥር ይጠቅሳል፤ የሙከራውን ድጋፍ ክፍል አነጋግሩ ይላል፤ ለመውጣት ኢንተርን (Enter)፣ ለመቀጠል ሲን (C) ተጫኑ ይላል። ሲን የተጫነ ሰው ሥራውን ይቀጥላል። ስህተቱ ምን እንደሆነ የሚነግረው አያገኝም፤ ስህተት አልነበረማ። ዊንዶውስ ያኔ በዶስ ላይ ተደግፎ ይሠራ ነበርና፣ ኮዱ የሚፈትሸው ከሥር ያለው ዶስ የማን እንደሆነ ብቻ ነው። ያውም ተመስጥሮ፣ እየሠራ ሳለ ራሱን በሚለዋውጥ አጻጻፍ ተሸፍኖ ነበር። ማይክሮሶፍት ዓላማው ተጠቃሚውን ካልተሞከረ ዶስ መጠበቅ ነው ብሎ ተከራክሯል። ለማስጠንቀቂያ ብቻ የተጻፈ ኮድ ይህን ያህል የሚደበቅበት ምክንያት ግን ለእኔ አይታየኝም። አንድሩ ሹልማን የተባለ ፕሮግራመር በ1993 ምስጢሩን ፈትቶ ይፋ አደረገው። ለሽያጭ በወጣው ዊንዶውስ 3.1 ውስጥ ኮዱ ሳይነቀል ቀርቷል፤ መልእክቱ ብቻ እንዳይወጣ ተዘግቷል።

ኖቬል በ1991 ዲጂታል ሪሰርችን ገዝቶ ዲአር ዶስን ቢወርስም ሊያድነው አልቻለም። ራሱ መክሰስም አልፈለገም፤ ከማይክሮሶፍት ጋር ፊት ለፊት መላተም ሌላውን ንግዱን ይጎዳብኛል ብሎ ፈራ። ስለዚህ በሐምሌ 1996 ዲአር ዶስን ከነመክሰስ መብቱ በዩታ ለሚገኘው ለካልዴራ ሸጠ። ዋጋው 400,000 ዶላር ሲሆን፣ ክሱ ከሚያስገኘው ገንዘብም ለኖቬል ድርሻ እንዲታሰብለት ተስማሙ። የካልዴራ ዋና ባለገንዘብ የቀድሞው የኖቬል ኃላፊ ሬይ ኑርዳ ነበር። ካልዴራ በግዢው ማግሥት ክሱን አስገባ። የገዛው ሶፍትዌር ነው ወይስ ክስ? ሁለቱንም ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ክብደቱ ግን ወዴት እንዳጋደለ ቀኑ ይናገራል።

ዶሴ ሲገለጥ የውስጥ ኢሜይሎች ተግተልትለው ወጡ። አንድ የማይክሮሶፍት ሥራ አስፈጻሚ በ1992 የጻፈው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ሰውየው ቅር ቅር ይበለው፤ ብልሽት ሲገጥመው ዲአር ዶስን ይጠርጥር፤ ከዚያ ሄዶ ኤምኤስ ዶስን ይግዛ። እንዲህ ያለውን ወረቀት ጁሪ (ከተራ ዜጎች ተመርጠው የሚፈርዱ ሰዎች) ፊት ማንበብ ለተከሳሽ አይመችም። ችሎቱ ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በጥር 2000፣ ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። የተከፈለው ገንዘብ በምስጢር ተያዘ፤ ማይክሮሶፍት የተናገረው ከሩብ ዓመቱ ትርፍ በአክሲዮን 3 ሳንቲም ያህል እንደሚቀንስበት ብቻ ነበር። ትክክለኛው አኃዝ፣ 280 ሚሊዮን ዶላር፣ በሌላ ክስ መዝገብ በኩል በ2009 ወጣ። ኖቬልም የድርሻዬ ስሌት ተዛብቷል ብሎ የካልዴራን ባለቤቶች ከሰሰ።

እስከ ፍርድ የሄደው የብሪስቶል ቴክኖሎጂ ነገር ሌላ ነው። በኮነቲከት የሚገኘው ይህ የቤተሰብ ኩባንያ ለዊንዶውስ የተጻፉ ፕሮግራሞችን ዩኒክስ በተባለ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የሚያስኬድ መሣሪያ ነበረው፤ ለዚህ ደግሞ የዊንዶውስን ምንጭ ኮድ (ፕሮግራመሮቹ የጻፉትን ዋናውን ጽሑፍ) ከማይክሮሶፍት በውል ያገኛል። ውሉ ሲያልቅ ማይክሮሶፍት ያቀረበለት አዲስ ውል ብዙ የሚያስከፍልና ጥቂት ኮድ የሚሰጥ ሆነበት። በ1998 ከሰሰ። በሐምሌ 1999 ጁሪው የፀረ ሞኖፖሊ ነጥቦቹን በሙሉ ውድቅ አደረገ፤ በክፍለ ግዛቱ የንግድ ማታለል ሕግ ግን ማይክሮሶፍትን ጥፋተኛ ብሎ ካሳውን ወሰነ፦ 1 ዶላር። ዳኛዋ በማግሥቱ ዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ጨመሩበት፤ በ2001 ሁለቱ ተስማምተው ነገሩ ተዘጋ። ይህንን ያየ ከሳሽ ከጁሪ ይልቅ ድርድርን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ቢ እና በርስትም በድርድር ጨረሱ። በቀድሞው የአፕል ሥራ አስፈጻሚ በዣን ሉዊ ጋሴ የተመሠረተው ቢ፣ የዊንዶውስ ውል አምራቾችን ሁለተኛ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በጅማሮ ስክሪን ላይ እንዳያሳዩ ይከለክላል ሲል በ2002 ከሰሰ። ያኔ ንብረቱን ለፓልም ሸጦ ነበር። በ2003 የጠበቃ ወጪ ተቀንሶ 23.25 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። የቪዲዮ ቴክኖሎጂ ባለቤቱ በርስት ደግሞ በ2005 60 ሚሊዮን ተቀበለ።

ኖቬል በመጨረሻ ራሱ ከሰሰ። በ2004 ስለሌሎች ይገባኛሎቹ 536 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ፣ በዚያው ወር ቀድሞ የእሱ በነበረው የጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም፣ በዎርድፐርፌክት፣ ጉዳይ አዲስ ክስ ከፈተ። ነገሩ የ1994 ነው፤ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 95ን አንዳንድ የፕሮግራም መገናኛዎች (ሌላ ፕሮግራም በዊንዶውስ አገልግሎቶች የሚጠቀምባቸውን በሮች) ለውጭ ገንቢዎች አሳይቶ ሲያበቃ ድጋፉን አነሳ፤ ዎርድፐርፌክትም ለአዲሱ ዊንዶውስ ዘግይቶ ደረሰ። በ2011 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ቢል ጌትስ ቀርቦ መሰከረ። ከአስራ ሁለቱ የጁሪ አባላት አስራ አንዱ ለኖቬል ሲያዘነብሉ አንዱ እምቢ አለ፤ በሙሉ ድምፅ መወሰን ስላለባቸውም ፍርድ ሳይሰጥ ተበተኑ። ዳኛው ክሱን ዘጉት፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2013 አጸናው። ውሳኔውን የጻፉት፣ ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ኒል ጎርሰች፣ አንድ ኩባንያ ተፎካካሪውን የመርዳት ግዴታ በመርሕ ደረጃ የለበትም አሉ። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። ዎርድፐርፌክት ራሱ በ1996 ኮረል ለተባለ የካናዳ ኩባንያ ተሸጧል።