«ሙቀት አገር ነው የመጣችው፣ ድሬ አይከብዳትም» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ባለቤቴ ፊሊፒናዊት ናት። የተዋወቅነው ዱባይ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ስንሠራ ነው። ተጋባን፤ ጓዛችንን ጠቅልለን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ገባን። ይኸው አራተኛ ዓመታችን። ስንመጣ ሰው ሁሉ ስለ እሷ የሚያውቀው ነገር ነበረው። ጎረቤት ያውቃል፣ ዘመድ ያውቃል፣ ባጃጅ ነጂው ያውቃል። ከሁሉም በላይ አውቃለሁ ባዩ እኔ ነበርኩ። አብዛኛው ስህተት ሆኖ ተገኘ። የውጭ ዜጋ አግብተው አገር ቤት ለመግባት የሚያስቡ ልጆች ሲጠይቁኝ የምነግራቸውን እዚህ ልጻፈው።

«ሙቀት አገር ነው የመጣችው፣ ድሬ አይከብዳትም።»

ይህን ያለችው እናቴ ናት። እኔም አምኛለሁ። ማኒላም ሙቀት ናት፤ ግን ሙቀቷ የባሕር ዳር ሙቀት ነው፣ እርጥብ። ላብ ይወርዳል፣ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። የድሬው ደረቅ ነው። ላቡ ሳይታይ ይተናል፤ ሰውነት ውኃ እየጨረሰ መሆኑን ሰው አያውቀውም። በመጀመሪያው ግንቦት ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፣ ነስር አስቸገራት። እሷ ግን «አላላበኝም፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ውኃውን እንደ መድኃኒት በሰዓት እንድትጠጣ አደረግን።

የከተማዋ ጠባይም አለ። ድሬ ከቀትር በኋላ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። እሷ ሰባት ሰዓት ላይ ዣንጥላዋን ይዛ ገበያ ትወጣለች። አንድ ቀን ደነገጠችና ደወለችልኝ፤ «ሰዉ የት ሄደ?» ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ ጫቱን ይዞ ተቀምጧል። ማታ ግን ሁሉም ውጭ ነው። እሷም የቀትር እንቅልፍ ስትጀምር ከሙቀቱ ጋር ታረቀች።

ዝናብ ላይ ግን እሷ ትበልጠናለች። አገሯ የአውሎ ነፋስ አገር ነው። ደቻቱን ደርቆ፣ አሸዋው ላይ ሰው ወዲህ ወዲያ ሲል አይታ «ይሄ ወንዝ ነው፣ እዚህ አልቆምም» አለች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደውን ጎርፍ ገና አልነገርኳትም ነበር።

«ባሏ እያለ አማርኛ ምን ያስቸግራታል?»

ባል መጥፎ አስተማሪ ነው። እሷ አማርኛ የሰማችው ከእኔ አፍ ነው፤ እኔ ደግሞ የማናግረው እሷን ነው። «ነይ»፣ «ብዪ»፣ «ተቀመጪ»። ስለዚህ ፍጥረትን ሁሉ «ነይ» ትላለች። ባጃጁን «ነይ»። አባቴን «ብዪ»። አባቴ ስቆ አለፈ። የቧንቧ ሠራተኛው ግን «ተቀመጪ» ሲባል ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ነበር። የእሷ ቋንቋ ታጋሎግ «እሱ» እና «እሷ» ብሎ አይለይም፤ ለሁለቱም አንድ «ሲያ» ነው። አክብሮት ግን ይለያል። ታላቅን ሲያናግሩ «ፖ» የምትባል ቃል ጣል ያደርጋሉ። እና «እርስዎ» ሲመጣ ቶሎ ገባት። መከራዋን ያሳያት አንተና አንቺ ነው።

የእኔ ትልቁ ጥፋት ግን ሌላ ነው። አስተርጓሚ ሆንኩላት። ሱቅ እኔ፣ ሐኪም ቤት እኔ፣ ጎረቤት ሲጠይቅ መላሹ እኔ። ሰው ቀስ በቀስ እሷን ማናገር ተወ። አጠገቤ ተቀምጣ «ቡና ትጠጣለች?» ብለው እኔን ይጠይቁኛል። እንክብካቤ መስሎኝ አንድ ዓመት ሄደ። ከዚያ ለሥራ ሁለት ወር ጅቡቲ ከረምኩ። ስመለስ በዓመት ያላየሁትን አማርኛ ታወራለች። ይባስ ብሎ ቀፊራ ገበያ አብረን ሄደን፣ ጎንበስ ብላ «ሜቃ?» አለች። ስንት ነው ማለቷ ነው፣ በኦሮምኛ። ድሬ ላይ አማርኛ ብቻውን ገበያ አይወጣበትም። ከገጠር አትክልት ይዘው የሚወርዱት እናቶች ኦሮምኛ ነው የሚያወሩት፤ ትንሽ አለፍ ስትል ሶማልኛ ይቀበልሃል። ይህን እኔ አላስተማርኳትም። ማንን እንደጠየቀችም አላውቅም።

«ሦስት ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት ነው።»

ለእኛ አዎ። ለእሷ ሦስት ሰዓት የእኛ ዘጠኝ ነው። የእኛ ቀን ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፣ የእነሱ እኩለ ሌሊት ላይ፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። እሱን በሳምንት ለመደችው። ቀኑ ግን ጉድ ሠራን። አንድ ቢሮ ወረቀት ላይ «05/05/2017» የሚል ቀጠሮ ጻፈላት። ለእኛ ጥር 5 ነው፤ በእሷ አቆጣጠር ጃንዋሪ 13፣ 2025። እሷ ያነበበችው ሜይ 5፣ 2017 ብላ ነው። «ቀጠሮዬ ካለፈ ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔ አልሳቅኩም፤ ወረቀቱን ያሳየችኝ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነበር። ምክሬ አጭር ነው፦ ቀጠሮ ሲሰጣችሁ ወሩን በስሙ አጽፉ፣ ሰዓቱን «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» አስብሉ።

«ኢትዮጵያዊ አግብታ እስካሁን የመኖሪያ ፈቃድ ታሳድሳለች?»

አዎ። ጋብቻ በራሱ ዜጋ አያደርግም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት፣ ኢትዮጵያዊ ያገባ የውጭ ዜጋ ለማመልከት ጋብቻው ቢያንስ ሁለት ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ከማመልከቱ በፊትም ቢያንስ አንድ ዓመት እዚህ መኖር አለበት። ከዚያ ዋናው ይመጣል፦ የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቅ። ሕጋችን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። የእነሱ ሕገ መንግሥት የውጭ ሰው ያገባች ዜጋ ዜግነቷ እንዳለ ይቆያል ይላል፤ ስለዚህ ከወገኗ የሚገፋት የለም። እናቷ እዚያ ናቸው። ፓስፖርቷን ልልቀቅ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ተቀጥራ መሥራት ከፈለገች ደግሞ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። «የእኛ ሙሽራ» መባል ቢሮ ውስጥ አይሠራም።

«ቻይና!»

አይደለችም። የአዲሱ ባቡር መንገድ ሲሠራ ቻይናዎቹ ስለበዙ ዓይኑ ጠበብ ያለ ሁሉ ቻይና ሆነ። ልጆቹን ተቆጥቼ ተቆጥቼ ደከመኝ። አሁን እሷ ራሷ «አቦ፣ ተዋቸው» ትለኛለች።

«ዶላር ይዛ መጥታለች።»

ይልቅ ትልካለች። ዱባይም ቤይሩትም ያለችው የእኛ እህት ለእናቷ እንደምትልከው።

«ሩዝ ካገኘች ምግቡ አያስቸግራትም።»

ሩዝማ ሞልቷል። እነሱ ቁርስም ምሳም እራትም ሩዝ ነው፤ ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ በጣም ያዝኑላታል። የሚገርመው ከሁሉ ቀድማ የለመደችው እንጀራን ነው። ኮምጣጣ ትወዳለች፣ በእጅ መብላትም ለአገሯ አዲስ አይደለም። ጉርሻ ግን እስካሁን ታመልጣለች። የናፈቃት ሲኒጋንግ የሚሉት ኮምጣጣ ሾርባቸው ነበር። ማኮምጠጫው እዚህ የለም ብላ ተስፋ ቆርጣለች። አንድ ቀን ከቀፊራ በፌስታል ሮቃ (ታማሪንድ የሚባለውን ኮምጣጣ ፍሬ) ይዛ መጣች፤ ድሬ ላይ ጭማቂ የምንጠጣው ያው ሮቃ። «ይኸውልህ! አራት ዓመት ሙሉ እየጠጣህ ዝም አልከኝ?» አለች። ሾርባ እንደሚሆን በምን አውቄ! አሁን በዓሣ ትሠራዋለች። እናቴ «መድኃኒት ነው» ብላ ነው የምትጠጣው።

«ድሬ ላይ ሰው ብቸኛ አይሆንም።»

ይህን ስህተት መቀበል ያመኛል፣ የድሬ ልጅ ነኝ። በራችን ክፍት ነው፣ ሰው ይገባል ይወጣል። እናቴ ገና በመጀመሪያው ቀን ወዳታለች። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ የእናቴን እጅ ይዛ የራሷ ግንባር ላይ አስነካችው፤ እናቴም «ተባረኪ ልጄ» አለቻት። እነሱ አገር ከታላቅ ሰው ምርቃት የሚቀበሉት ልክ እንደዚያ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማነው። ግን ሰው የሞላበት ቤት ውስጥም ይናፈቃል። ፊሊፒንስ ውስጥ የገና መዝሙር የሚጀምረው ሴፕቴምበር ላይ ነው። በመጀመሪያው እንቁጣጣሽ እኛ አበባዬሆሽ እየሰማን ስንስቅ እሷ ጓዳ ገብታ ታለቅስ ነበር። እኔ በርቻ ላይ፣ ጫት ይዤ ተቀምጬ ነበር። ያየቻት ጎረቤታችን ናት። ምንም አልጠየቀቻትም፤ እጇን ይዛ ቤቷ ወስዳ ቡና አፈላችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡናው ቀጠለ። ከቡናው የሴቶቹ ዕቁብ መጣ፣ በሳምንት 500 ብር።

ባለፈው ሳምንት ዕጣው ወጥቶላታል። እኔ የሰማሁት ከባጃጅ ነጂው ነው። ገንዘቡን ምን ልታደርገው እንደሆነ ስጠይቃት «ቆይ፣ ከሴቶቹ ጋር ተነጋግረናል» አለችኝ።