ዋሽባክ ምንድን ነው? ፈተናው የእንግሊዝኛን ክፍለ ጊዜ እንዴት ይዘውረዋል?

ፈተና ገና ቀኑ ሳይደርስ ክፍል ውስጥ መሥራት ይጀምራል። ይህን ተጽዕኖውን ነው የቋንቋ ትምህርት ባለሙያዎች ዋሽባክ የሚሉት። ተማሪ የሚፈተነውን ያጠናል፤ መምህርም የሚፈተነውን ያስተምራል። ፈተናው ጥሩ ከሆነ ትምህርቱን ያቀናዋል፤ ጠባብ ከሆነ ያጠበዋል። ውጤቱ የልጁን ዕድል የሚወስን ሲሆን ደግሞ ጉልበቱ ይበረታል።

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እንይ። ፈተናው ሲቃረብ መማሪያ መጽሐፉ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። ዴስኩ ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ የተደረገ የድሮ የማትሪክ ጥያቄ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ «ኢፍ አይ ___ ዩ» ብሎ ይጽፋል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ የምርጫውን ፊደል «ሲ!» ይላል፤ «ዌር» ማለቱ ነው። ትክክል ነው። ወደ ቀጣዩ። በዚያ ዓረፍተ ነገር ጓደኛውን የሚመክር ልጅ ግን የለም፤ ጊዜም የለም። ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር አንድ የውጭ አገር ሰው የዘጌ ጀልባ ከየት እንደሚነሳ ቢጠይቀው፣ ያው «ሲ!» ያለው ልጅ ይንተባተባል። ሰንፎ አይደለም። እንዲናገር ማንም አላለማመደውም።

ብሔራዊ ፈተናው ሙሉ በሙሉ ምርጫ ነው። ሰዋስው፣ የቃላት ትርጉም፣ አንብቦ መረዳት አለ። ንግግር እንኳ የሚጠየቀው በጽሑፍ ነው፤ የጎደለውን መልስ መምረጥ ብቻ ነው። ማዳመጥ የለም። አንድ አንቀጽ መጻፍም የለም። መማሪያ መጽሐፉ ግን ማዳመጥም መናገርም አለው። ማርክ የሌለው ነገር ይዘለላል፣ በቃ።

መምህሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ አልወቅሰውም። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከ800 ሺህ በላይ ነበሩ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ያየ ወላጅ «ልጄን በእንግሊዝኛ አናግርልኝ» አይልም። «ጥያቄ ሥራላቸው» ነው የሚለው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላም አለ። ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። መልስ ሸምድዶ የመጣ ልጅ ረዘም ያለ የታሪክ ጥያቄ ሲገጥመው ገና ጥያቄው ራሱ አይገባውም። ታሪኩን እያወቀ መልሱን ይስታል።

ታዲያ ፈተናው ይቅር? አይደለም። ዋሽባክ በጎም ይሆናል። ማዳመጥ 10 ማርክ ቢይዝ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ስፒከር ፍለጋ ይወጣ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በኮምፒውተርም መሰጠት ጀምሯል፤ ድምፅ ማሰማት ከበፊቱ ቀሏል።

ፈተና መቀየር ግን ብቻውን አይበቃም። የቋንቋ ፈተና ተመራማሪዎቹ ቻርልስ አልደርሰንና ዳያን ዎል ስሪላንካ ውስጥ አዲስ የእንግሊዝኛ ፈተና ያመጣውን ለውጥ ተከታትለው ነበር። መምህራኑ የሚያስተምሩት ይዘት ተቀየረ፤ የሚያስተምሩበት መንገድ ግን እምብዛም አልተቀየረም። ስለዚህ መምህሩ ተማሪን እንዴት ማናገር እንዳለበት ሥልጠና ያስፈልገዋል። እስከዚያው የክፍል ውጤቱ በእጁ ነው። ከ100ው 10ሩን ለንግግር ይስጥ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይመልስ፤ እሱም እየዞረ ይስማቸው።