«በዝናብ የፊት ፍሬን አትንካ» እና ሌሎች የሞተረኛ ምክሮች

ሰኔ ሲገባ ሞተረኞች በሚሰበሰቡበት ሁሉ ምክር ይበዛል። ዴሊቨሪ የሚሠሩት ልጆች ምግብ ቤት ደጃፍ ትእዛዝ ሲጠብቁ ወሬያቸው ዝናብና ጎማ ነው። ከምክሩ ደህናም አለበት፤ ሰው የሚጥልም አለበት።

«ካፊያ ምንም አይደል፣ የሚያስፈራው ዶፍ ነው።» ለጎማ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። በደረቁ ቀናት አስፋልቱ ላይ ዘይት፣ ናፍታና አቧራ ይጠራቀማል። ካፊያ ይህን ያርሰዋል እንጂ አያጥበውም። ስለዚህ ዝናብ እንደጀመረ ያሉት ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች በጣም ያንሸራትታሉ። ታክሲ የሚቆምበትና መብራት የሚያዝበት ቦታ ደግሞ ይብሳል፤ የሚንጠባጠበው ዘይት እዚያ ነው የሚጠራቀመው። ዶፉ ይህን ያጥበዋል፣ የራሱ ጣጣ ግን አለው። አታዩም፣ አትታዩም።

«በዝናብ የፊት ፍሬን አይነካም።» ይህን ምክር ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሞተሩን በዋናነት የሚያቆመው የፊት ጎማ ነው። የኋላውን ብቻ የረገጠ ሰው መቆሚያው ይረዝምበታል፣ ጎማው ከተቆለፈም ጅራቱ ይዞርበታል። ችግሩ የፊት ፍሬን መንካቱ ሳይሆን ድንገት ጭምድድ አድርጎ መያዙ ነው። እንደ ሎሚ ቀስ እያሉ መጭመቅ፣ የኋላውንም አብሮ መያዝ ነው። ያውም ሞተሩ ቀጥ እንዳለ፣ ኩርባው ውስጥ ሳይገቡ።

ቁጥሩን እንየው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ደረቅና ሜዳ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ 9 ሜትር ያህል ሄዶ ሊቆም ይችላል። እርጥብ ላይ 16 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ነጂው ፍሬን ለመያዝ አንድ ሰከንድ ከፈጀበት ሌላ 11 ሜትር ይጨመራል። ፍጥነቱን ወደ 30 ያወረደ ሰው ግን እርጥብ ላይም በዚያው በ9 ሜትር ገደማ ይቆማል። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወረድ ቁልቁለቱ ሁሉንም ርቀት ያስረዝመዋል። እዚያ ከላይ ጀምሮ በዝቅተኛ ማርሽ መያዝ ነው። ደንበኛው ምሳው እንዲሞቅለት ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ በዚያ ቁልቁለት የሚተርፈው ግን ከደቂቃ አይበልጥም።

«ትንሽ ንፋስ ከተቀነሰ ጎማው ይይዛል።» ይህ የጭቃ መንገድ ዘዴ ነው። አስፋልት ላይ የላላ ጎማ ጥርሱ ይጨፈለቅና ውሃውን የሚያስወጣበት ቦይ ይጠባል። ፋብሪካው ባዘዘው ልክ ይሞላ። ጎማው ሙልጭ ካለ ግን ንፋስ መጨመርም መቀነስም አያድነውም፤ መቀየር አለበት።

«አዲሱ መንገድ ላይ ስጋት የለም።» ፒያሳና አራት ኪሎ መንገዱ አምሯል፣ እውነት ነው። ዜብራው ግን ቀለም ነው፣ የማንሆሉ ክዳን ብረት ነው። ሁለቱም ሲረጥቡ ከአስፋልቱ ይልቅ ያዳልጣሉ። ቀጥ ብሎ ማለፍ ነው፤ እላያቸው ላይ ማዘንበልም ፍሬን መያዝም አያስፈልግም። ውሃ የቋጠረ ቦታ ሲያጋጥም ደግሞ «ሁልጊዜ የማልፍበት ነው» አይሠራም። ትናንት የነበረው ክዳን ዛሬ ላይኖር ይችላል።

«ሲያንሸራትት እግር ማውረድ።» ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው እንዲህ ነው። እግር ከማሳረፊያው አይነሳ።

«ድልድይ ስር መጠለል ነው።» መጠለሉ ጥሩ፣ ጥያቄው የት ላይ ነው። ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባለው የባቡር ድልድይ ስር የመኪና መስመር ላይ ተሰብስቦ መቆም አደጋ ነው። መስታወቱ ጉም የያዘበት ሾፌር ከዝናቡ ወደ ጨለማው ሲገባ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ቶሎ አያየውም። ሞተሩን ከመንገዱ አውጥቶ፣ ለእግረኛ መተላለፊያ ትቶ መጠለል ይቻላል። ማውጫ ከሌለ ወደሚቀጥለው ነዳጅ ማደያ ቀስ ብሎ መንዳት ይሻላል።